በሞርታሯ በቅሎ ላይ

ልጆች ስለ ጦርነት ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚሉኝ «ስንት ውጊያ ገብተሃል?» ነው። ፊልም ያስለመዳቸው ጥያቄ ነው። እግረኛ ወታደርን የሚፈጀው ግን ከውጊያው ይልቅ ጉዞው ነው። በላስታ ተራሮች ላይ ተኩስ የሰማሁበትን ሰዓት ሁሉ ብደምረው አንድ ሙሉ ቀን አይሞላም። የቀረው መሄድ፣ መቆም፣ ውኃ መፈለግ፣ ቅማል መልቀምና ደግሞ መሄድ ነበር። ለሞት ያደረሰኝም ጥይት አይደለም።

የብሔራዊ ውትድርና የመጀመሪያው ዙር ዘማች ነኝ። አዋጁ፣ ቁጥር 238፣ በ1975 ሲወጣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወጣት ስድስት ወር ይሠለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይመለሳል ይል ነበር። ሁለት ዓመት የምትለውን ቃል እናቴ በደንብ ይዛት ነበር፤ ስትሸኘኝም የተናገረችው እሷኑ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማሳጠር ይሻላል፦ ራሳችንን ተላጨን፣ ሠለጠንን፣ ከስክስ ጫማ ተሰጠን፣ በ1977 በጋ መግቢያ ላይ ወልድያ ከኦራል መኪና ወረድን። ከወልድያ ወዲያ ያለው በእግር ነው ተባለ።

በዚያ ጥቅምት ላሊበላ ለጥቂት ጊዜ በታጋዮቹ እጅ ገብታ ነበር። ዋግና ላስታ ታጋዮቹ፣ ኢሕዴንና ሕወሓት፣ እንደልብ የሚመላለሱበት አገር ሆኗል። እኛ «ወንበዴ» እንድንላቸው ታዘናል፤ እነሱ ለእኛ የራሳቸው ስም አላቸው። አገሬው ግን ሁለታችንንም በስማችን አይጠራንም። «ቀን የሚመጡት» እና «ማታ የሚመጡት» ነበር የሚለን።

ሸክሙን ልናገር። ክላሽ ከነሙሉ ካዝናው ከ4 ኪሎ ይበልጣል። በዚያ ላይ ትርፍ ካዝና፣ የእጅ ቦምብ፣ አንድ ኮዳ ውኃ፣ ካፖርት፣ ብርድ ልብስ፣ አጭር አካፋና የቀናት ኮቾሮ አለ። ኮቾሮን ለማያውቅ፣ ወታደር በጥርሱ የማይሰብረው ደረቅ ዳቦ ነው። በሰደፍ ይመታል፣ ጣሳ ውስጥ በውኃ ይነከራል፣ ካልሆነም ጉንጭ ውስጥ አቆይቶ መጠበቅ ነው። አንዱ ጓደኛችን ወጥ የሌለው ወታደር ከኮቾሮ ጋር እንዲህ ነው የሚታገለው እያለ ዳቦውን እንደ ጠላት ይማርከው ነበር። ከሁላችንም የባሰ ዕዳ ያለባቸው የሞርታር ምድብተኞች ናቸው። 82 ሚሊ ሜትሩ ሞርታር በሦስት ተፈታትቶ ይጫናል፤ ቱቦው ለአንዱ፣ ከሥር የሚቀመጠው ሰሌዳ ለሌላው፣ እግሮቹ ለሦስተኛው። አንዱ ጥይት ብቻውን 3 ኪሎ ይሆናል። ጥይቶቹን የምትሸከም አንዲት ቡላ በቅሎ ነበረች። ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቀይ ክር ማሠሪያ ስለነበረባት የሆነ ሰው ይሳሳላት እንደነበረ ግን ያስታውቃል።

ጉዞው በአንድ ረድፍ ነው። ቃፊሮቹ ይቀድማሉ፣ እኛ አምስት አምስት እርምጃ ተራርቀን እንከተላለን። ወሬ የለም፣ ሲጋራ የለም። ትእዛዝ ከፊት ሲመጣ በሹክሹክታ ከሰው ወደ ሰው ያልፋል፤ «ቁም» ብሎ የተነሣው ቃል ጅራቱ ጋ ሲደርስ «ጦም» ሆኖ ያገኘንበት ቀን አለ። እስኪያልቅብን ሳቅን። የማይጠፋ ሳቅ እንደዚያ ባለው ቦታ ነው የሚገኘው፤ አፍህን በካፖርት ጠቅጥቀህ ትስቃለህ። ሌሊት ደግሞ እየሄዱ መተኛት አለ። የፊተኛህን የትጥቅ ማንገቻ ትይዛለህ፣ ዓይንህ ይከደናል፣ እግርህ ግን አይቆምም። ፊተኛው ከቆመ ጀርባው ላይ ትነቃለህ።

እግር የወታደር ዋና ንብረቱ ነው። መሣሪያ ቢጠፋ ትቀጣለህ፤ እግር ቢጠፋ ግን ማንም አይጠይቅህም፣ ትቀራለህ። ተረከዝ ውኃ ሲቋጥር አሮጌዎቹ ወታደሮች ያስተማሩን ዘዴ ነበር። መርፌውን በክብሪት ትለበልበዋለህ፣ ክር ታስገባበታለህ፣ እብጠቱን ከዳር እስከ ዳር ወግተህ ክሩን እዚያው ትተወዋለህ፤ ውኃው በክሩ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቆዳው ግን አይገፈፍም። የገፈፈው ሰው በሁለተኛው ቀን ያነክሳል። ካልሲ የሌለው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ቀዶ ይጠቀልላል። አስር አለቃችን ማታ ማታ ከምግብ በፊት እግራችንን ያይ ነበር። ባትሪውን አብርቶ በየተራ «አሳይ» ይላል፤ እኔ እስከ ዛሬ የማከብረው የጦር መሪ እሱን ነው።

ከወልድያ ተነሥተን በድልብ በኩል ወደ ኩልመስክ ስንወጣ መንገድ መሪ ተሰጠን። ተሰጠን ያልኩት ለአባባል ነው፤ ከቤታቸው ነው የተወሰዱት። በዕድሜ የገፉ፣ በረባሶ የተጫሙ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው የሚሄዱ የላስታ ሰው ነበሩ። አንዱ ከተሜ ወጣት ትንፋሹ ሲያጥረው ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ኩልመስክ ስንት ሰዓት ይቀረዋል?»

«ለእኔ ነው ለእናንተ?»

«ለእኛ።»

«ለእናንተስ ነገ ነው።»

የሚመራን መቶ አለቃ ቀጥሎ ጠየቃቸው፤ ወንበዴዎቹንስ መርተው ያውቁ እንደሆነ። ሁላችንም ዝም አልን። እሳቸው ግን አልደነገጡም። «ጌታዬ፣ ቀን የሚመጣው ቀን ምራ ይለኛል፣ ማታ የሚመጣው ማታ ምራ ይለኛል። እኔ ያጣሁት እንቅልፌን ነው» አሉ። መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። ሌላ መኮንን ቢሆን ምን እንደሚመጣ እናውቃለን።

ዓመተ ምሕረቱን አስታውሱ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የእንግሊዙ ቢቢሲ የኮረምን ረኃብተኛ ለዓለም አሳይቶ ነበር። እኛ የምናየው ግን ከቴሌቪዥን ውጭ የሆነውን ነው። ወደ ወልድያ የሚወርደው ሕዝብ ወደ ላይ ከምንወጣው ከእኛ ጋር በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ይገናኛል። አንዱ ለአንዱ መንገድ መልቀቅ አለበት፤ ባንዱ ወገን ገደል ነው። ትእዛዙ ሰልፉ አይቁም ስለሚል የሚለቁት እነሱ ነበሩ። ከጭቃ ግድግዳው የነቀሉትን የቤታቸውን ማገር የተሸከሙ አየሁ፤ ወልድያ ለማገዶ ሊሸጡት ነው። ልጅ ያዘሉ፣ ሽማግሌ የደገፉ አሉ። ማንም አለቀሰ አልልም። ድምፅ የሚያወጣ ጉልበት አልነበረም።

ስንቅ ለሲቪል መስጠት ክልክል ነው ተብለናል። ከፊቴ ያለው ልጅ፣ ከሐረር የመጣ የመትረየስ ረዳት፣ እርምጃውን ሳይቀንስ ግማሽ ኮቾሮ ከመንገዱ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። የሚቀጥለውም አስቀመጠ። እኔም አስቀመጥኩ። መቶ አለቃው ቆሞ ሰዓቱን አየ፤ ረጅም ጊዜ ሰዓቱን አየ። ዞር ስል አንዲት እናት ዳቦውን ለልጇ ሰጥታ ልጁ ሊነክሰው ሲታገል ነበር። አልቻለም። ቀማችው፣ ድንጋዩ ላይ መልሳ አኖረችው፣ ሌላ ድንጋይ አነሣች፣ ትወቅጠው ጀመር። ዱቄቱን በመዳፏ እየጠረገች አፉ ላይ አደረገችለት። ከዚያ በላይ አላየሁም፤ መንገዱ ታጠፈ።

ደግ ብቻ ነበርን እንዳትሉኝ ይሄንንም ስሙ። ከዚያ በኋላ በአንድ መንደር ስናድር የአንድ ገበሬ በሬ ታረደ። ለሻምበሉ ስንቅ ነው ተባለ። ባለቤቱ ጥማዱን አንድ ጎን ሲያጣ በእጁ የተሰጠው ወረቀት ነበር፤ ፊርማና ማኅተም ያለበት። በሬ በጠፋበት ዓመት፣ ሣር በሌለበት በጋ፣ ያ ሰው በሬውን ከየት አምጥቶ ምን እያበላ እንዳቆየው ሳስብ እስከ አሁን ይገርመኛል። ወረቀቱ የት እንደሚመነዘር የነገረው የለም። ሥጋውን በላን። ጣፍጦን በላን፤ ሌላ ብል ውሸት ነው።

ሌሊቱ ከቀኑ ይከፋል። ከተራራው ቁንጮ ጀምሮ ነፋስ ይወርዳል፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ እኛም ከወገቡ ብዙ አልራቅንም። ጠዋት ካፖርታችን ላይ አመዳይ ተነጥፎ እናገኘዋለን፤ የኮዳው አፍ በበረዶ ይዘጋል። እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ሁለት ሁለት ሆነን ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀን፣ ሁለቱን ብርድ ልብስ ደርበን እንተኛለን። ሙቀት የሚገኘው እንደዚያ ነው፤ ቅማልም የሚተላለፈው እንደዚያ ነው።

ቅማሉ ነው እኔን ያገኘኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳነብ ናፖሊዮን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1812 ወደ ሩሲያ የነዳውን ጦር በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ክፉኛ እንደፈጀው አወቅሁ፤ ብርዱ ብቻ አልነበረም። እኛን የያዘን ግርሻ ነው። በድንገት ያንቀጠቅጥሃል፣ ራስህ ለሁለት የሚከፈል ይመስልሃል፣ ጡንቻህ ሁሉ የተደበደበ ይሆናል። ለቀናት ያነድድህና ይለቅሃል። ዳንኩ ትላለህ፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዙር በእግሬ ጨረስኩት፤ እንዴት እንደሆነ አላስታውስም። ሁለተኛው ሲመጣ ኩልመስክ ገና ሩቅ ነበር፤ አንድ ቁልቁለት ላይ ተቀመጥኩና አልነሣም አልኩ።

በሰልፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ችግር ነው። ቃሬዛ አራት ሰው ይፈልጋል፣ አራት ደግሞ ለመቀያየር፤ በዚያ ገደል ላይ ስምንት ጠመንጃ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ትቶ መሄድም አለ። የተተዉ እናውቃለን። ከእኛ ሻምበል በዚያ ጉዞ ሦስት ልጆች በትኩሳት ሞተው ከመንገድ ዳር ቀብረናቸዋል፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከሲዳሞ፣ አንዱ ከአርሲ። አፈሩ ደረቅ ስለሆነ ጥልቅ መቆፈር አልተቻለም፤ ጅብ እንዳያወጣቸው ድንጋይ ከመርንባቸው። መቶ አለቃው አጠገቤ መጥቶ ግንባሬን ነካ፣ ከዚያ ወደ በቅሎዋ ሄደ። «አራግፏት» ሲል ሰማሁ።

ሳጥኖቹን አወረዱ። የሞርታሩን ጥይት አንድ በአንድ ለሰልፈኛው አደሉት። ከበፊቱ ሸክም ላይ 3 ኪሎ። አንዱ በካፖርቱ ኪስ፣ ሌላው በብርድ ልብሱ ጠቅልሎ፣ ሌላው እንደ ሕፃን ታቅፎ ያዘ። አንድም ሰው አላጉረመረመም ልላችሁ ብፈልግ አልችልም፤ ያጉረመረሙ ነበሩ፣ አንዱ እኔ በምሰማው ድምፅ ነው የተሳደበው። እሱም ግን ጥይቱን ተቀበለ። እኔን በመጫኛ ከኮርቻው ጋር አሠሩኝ።

በማግሥቱ ከሸለቆው ማዶ መትረየስ ተከፈተብን። ስለ ውጊያው ብዙ የምናገረው የለኝም፤ ከበቅሎዋ ላይ ጎትተው ድንጋይ ሥር ጣሉኝ፣ ከዚያ ሆኜ የሰማሁትን ነው የማውቀው። የሞርታር ምድብተኞቹ ቱቦውን ተክለው «ጥይት! ጥይት!» ይላሉ። ጥይቱ ግን በሰልፉ ሁሉ ተበትኗል። ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ያመጡት ጀመር፤ እያንዳንዱ በእኔ በኩል ያልፋል። የመጀመሪያው ጥይት እስኪተኮስ የወሰደው ጊዜ በሰዓት ብዙ አይደለም። በዚያ መሐል ሁለት ልጆች ወደቁ። አንዱ ያ ኮቾሮ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠው የሐረር ልጅ ነበር።

መቶ አለቃው በኋላ ተጠይቆበታል፤ የሞርታር ጥይት ከምድቡ ለይቶ መበተን ጥፋት ነው ተብሏል። በወታደር ደንብ ከሄድን ጥፋት ነው። እኔ በዚህ ነገር ላይ ዳኛ ልሆን አልችልም፤ በዚያ ጥፋት ነው በሕይወት ያለሁት። ብዙ ጊዜ ሰዎች ሊያጽናኑኝ ፈልገው «ያለ በቅሎዋም የሚሞተው ይሞት ነበር» ይሉኛል። ምናልባት። እዚያ ያልነበረ ሰው ይህን በቀላሉ ይናገራል።

ኩልመስክ ስንደርስ አንዲት ሴት ቤት አስገቡኝ። እትዬ ነበር የምላት፤ ስሟን አልጠራም፣ ዘመዶቿ ይኖሩ ይሆናል። መደብ ላይ አስተኛችኝ። ከኩበቱ ጭስ በቀር ምንም አይታየኝም ነበር። ድሬሰራችን የመጨረሻዋን ፔኒሲሊን ሊወጋኝ ሲል «ስማ» አለኝ፤ «መድኃኒቱ ሲገባ ከበሽታው የባሰ ያንቀጠቅጥሃል። ሁለት ሦስት ሰዓት ነው። ካለፍካት ትድናለህ።» አልዋሸም። ጥርሴ ምላሴን እንዳይቆርጠው ጨርቅ አስነከሱኝ። እሷ እግሬ ላይ ተቀምጣ ያዘችኝ፤ ድሬሰሩ ትከሻዬን። ፊት ለፊት ሆነው በእኔ ላይ ስለ ዝናብ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ዘንድሮ በልግ ይጥል ይሆን፣ ዘር የተረፈው ማን ነው፣ ከጎረቤት ማን ለሠፈራ ተመዘገበ፤ እንዲህ ያለውን።

ሲነጋ ላቤ ብርድ ልብሱን አርሶታል፣ ትኩሳቱ የለም። እትዬ ልብሴን ሁሉ ማሰሮ ውስጥ ጨምራ ከአመድ ጋር ቀቅላዋለች፤ እኔ በነጠላዋ ተጠቅልዬ ተቀምጫለሁ። «ቅማልህን ይዘኸው አትሄድም፤ እዚህም ትተኸው አትሄድም» አለችኝ። ጥቂት ገብስ ቆልታ አስቆረጠመችኝ፣ የአብሽ ውኃ አጠጣችኝ። ምን ያህል ገብስ እንደቀራት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቁናው ወለል ይታያል። የሰጠኋት ነገር ቢኖር የተረፈኝን ስኳርና አንድ ፓኮ ኒያላ ሲጋራ ነው። ሲጋራውን ምን ታደርገዋለች አትበሉኝ፤ በዚያ አገር በዚያ ጊዜ ከብር ይልቅ እህል የሚገዛው እሱ ነበር።

ልብሴ ሳይደርቅ «ተነሥ» ተባለ። ከኩልመስክ በገነተ ማርያም በኩል ወደ ላሊበላ ወረድን። ጥይቶቹ ወደ በቅሎዋ ተመለሱ፣ እኔ ወደ ረድፌ። ሁለት ዓመት የተባለው አገልግሎት እስከ ግንቦት 1983 ሄደ፤ ደርግ ሲወድቅ ያ ሁሉ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ወታደር በየመንገዱ ፈሰሰ፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ሆኜ ያንኑ የሰሜን መንገድ በእግሬ ወደ ታች ተመለስኩ። ያን ጊዜም ገበሬዎች አበሉን። የቀድሞ ወታደር ለማኝ ሆኜ ስመጣ በር የዘጋብኝ ቤት ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ላስታ ሌላ ጦር አይታለች። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች ተያዘች፤ ኅዳር 22 ቀን 2014 መንግሥት መልሶ ያዛት፣ በታኅሣሥ መጀመሪያ ደግሞ ተለቀቀች፣ በዚያው ወር ተመለሰች። ዜናውን በሰማሁ ቁጥር የከተማው ስም ብቻ ነበር የሚነገረው። እኔ የማስበው መሐል ያለውን ዳገት ነው። ማን እየሄደበት ነው፣ እግሩን የሚያይለት አስር አለቃ አለው ወይ፣ የማን በሬ ታረደ፣ የየትኛዋ ሴት የእህል ቁና ወለሉ ታየ። በ2015 ጥቅምት ሁለቱ ወገኖች ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈራረሙ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ በአማራ ክልል ሌላ ተኩስ ተጀመረ።

በውጊያ የሞተ ወታደር ቢያንስ የሞተበት ቦታ ስም አለው፤ ቤተሰቡ «እዚህ ላይ ወደቀ» ይላል። በጉዞ ላይ በትኩሳት፣ በተቅማጥ፣ በብርድ የሞተውን ግን ብዙ ጊዜ «ጠፋ» ነው የሚሉት። ከድልብ እስከ ኩልመስክ ባለው አሮጌ የእግር መንገድ ዳር የተከመረ ድንጋይ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ካለ፣ እረኛም ቢሆን፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ወይም ለመስጊዱ ኢማም ይንገር። ሦስቱ የእኛ ናቸው። እናንተም ቤታችሁ የዘማች ፎቶ ካለ ዛሬ አውጡት። ከጀርባው ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ የተወለደበትን አውራጃ፣ የዘመተበትን ዓመትና የመጨረሻ ደብዳቤው የመጣበትን ቦታ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊቱ ያልፋል።